የኤርሜስ ደንብ

ሰው ሁሉ ኤርሜስን ግትር ይለዋል። እኔ ግትር ሰው አግብቼ፣ ከግትር ሰው ጋር ኖሬ፣ ግትር ሰው ቀብሬአለሁ፤ ስለ ግትርነት የሚያስተምረኝ የለም። የኤርሜስ ነገር ሌላ ነው። እስኪ ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱ።

ዲርቼ እባላለሁ። የሞተር መወዳደሪያው በር ላይ ያለችው፣ ጣሪያዋ የተጣመመው ኪዮስክ የእኔ ናት። ፒያዲና እሸጣለሁ፤ ትኩስ ስስ ቂጣ፣ መሃሉ ላይ የአሳማ ሥጋና አይብ። በእኛ አገር፣ በጣሊያኗ ሮማኛ፣ የሞተር በሽታ የሌለበት ሰው የለም። ቄሳችን ሳይቀሩ ሞተር አላቸው፤ ውድድር ባለበት እሁድ ስብከታቸው በጣም ያጥራል፣ ማንም ቅር አይለውም።

ኤርሜስ ከሟቹ ባሌ ከኢቮ ጋር ማራልዲ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር። ማራልዲ ወንዙ ዳር ያለው የጡብ ሕንፃ ነው፤ አሁን በመስኮቱ የበለስ ዛፍ ወጥቶበታል። ያኔ ግን ሰፈሩ ሁሉ ምሳ የሚያቀርበው የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ነበር። የሚሠሩት አረንጓዴ ሞተር ነው። ሠራተኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲገጣጥም በከረመው ሞተር እሁድ እሁድ ይወዳደራል። ውድድሩም የሱቅ ሞተር ውድድር ነው፤ ማንም ከሱቅ ገዝቶ በሚወጣው ሞተር፣ ከጎማና ከፍሬን ሸራ በቀር ምንም ሳይቀየር። እንዲህ ባለ ውድድር ጎበዝ መሆን ብቻውን አይበቃም። ፋብሪካህ ከሌላው የተሻለ ሞተር ለሱቅ ካወጣ አንተ እያዛጋህም ትቀድማለህ። ለዚህ ነው እኛ ጋ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚባለው ጭቅጭቅ የማያልቀው፤ ባልና ሚስት ሳይቀር አኳርፎ ያሳድራል።

ታዲያ አንድ ዓመት ቴርሳ የሚባል ሰማያዊ ሞተር ከሩቅ መጣ። ፋብሪካው ትልቅ ነው፣ ገንዘብ አለው፣ ሞተሩም ቀላልና ፈጣን ነው። በመጀመሪያ የገዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሁለቱ አንደኛና ሁለተኛ፣ አንደኛና ሁለተኛ እያሉ ዓመቱን ጨረሱት። የእኛ ሰዎች አረንጓዴ ለብሰው እንደ ጉንዳን ብዙ ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ፖስተኛው፣ ኢቮ። ኢቮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጨረሰ የሚጨርሰው መጨረሻ ነበር።

በኅዳር ማህበሩ እንደ ልማዱ መጠጥ ቤት ተሰብስቦ እራት በላ። ካፔሌቲ፣ አይብ የተሞላው ትንንሽ ፓስታ፣ በመረቅ ቀርቦ፣ ቀይ ወይን ተቀድቶ፣ ደንብ የሚወጣው በዚያ እራት ላይ ነው። ኤርሜስ በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ልጅ እግር ነበር። ማንኪያውን እንደያዘ ተነሳ። «የአንድ ፋብሪካ ሞተር የነዱ ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ ስንተኛ ስንተኛ እንደወጡ ይደመርና ለቁጥራቸው ይካፈል» አለ። «ቁጥሩ ከሁሉ ያነሰው ፋብሪካ እሱ በልጧልና፣ በሚቀጥለው ዓመት ሞተሮቹ ሁሉ እርሳስ ይሸከሙ።» እርሳስ ያለው የሚጻፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው፣ እንደ ጡብ ተጠፍጥፎ ከመቀመጫ ሥር በብሎን የሚታሰረውን። እጅ ሁሉ ወጣ። ሁለቱ የቴርሳ ሰዎች ብቻ ካፔሌቲያቸው ላይ አቀረቀሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከዚህ ነው። በእኛ ማህበር ደንብ የሚጠራው ባቀረበው ሰው ስም ነው። ያቀረበው ሰው በሕይወት እያለም፣ እሱ ራሱ ተነስቶ «ይነሳልኝ» ካላለ ማንም አይነካውም። የትም አልተጻፈም፤ ግን ነውር ነው። በሰው ቁም ሳጥን ገብቶ ልብስ እንደ ማውጣት ይቆጠራል። ሽማግሌው ዞሊ አንድ ጊዜ በስካር ተነስቶ «ከውድድር በፊት ሽንኩርት የበላ መጨረሻ ረድፍ ላይ ይቁም» ብሎ በሳቅ አስወሰነ። ጠዋት ረሳው። እስኪሞት ድረስ ግን አንድም ተወዳዳሪ ከኪዮስኬ ሽንኩርት ያለበት ፒያዲና ገዝቶኝ አያውቅም። የተቀበረ ዕለት ማታ ሽንኩርት አለቀብኝ።

ይኸው ደንብ እንግዲህ የኤርሜስ ደንብ ተባለ። ጥሩም ሠራ። ሁለቱ የቴርሳ ሰዎች እርሳስ ተጭነው ሩጫው ተስተካከለ፣ አረንጓዴውም እያሸነፈ መጣ። እነሱ ሲያጉረመርሙ ኤርሜስ አንዲት ቃል ነበረችው። «ፍትሐዊ ነው» ይላል፣ ከዚያ ወደ ሥራው።

ከዚያማ ዘመኑ ሄደ። ማራልዲ መጀመሪያ የማታ ፈረቃውን ዘጋ፣ ከዚያ ጡሩምባውን፣ ከዚያ በሩን። ኢቮ በልብ ድካም ሞተብኝ። ዳቦ ጋጋሪው ቴርሳ ገዛ። ፖስተኛው «ለልጄ ነው» እያለ ቴርሳ ገዛ፣ ልጁ ግን ሞተር የምትፈራ ልጅ ነበረች። አንድ ጸደይ ላይ ከኪዮስኬ ሆኜ ወደ መነሻው መስመር ሳይ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆኗል፤ መሃሉ ላይ አንድ አረንጓዴ ብቻ።

ማንም ክፉ አልሆነበትም፣ ውሸት አልናገርም። የቴርሳ ሱቅ ባለቤትና የማህበሩ ሊቀመንበር ሌአርኮ ጥሩ ሰው ነው። ውድድር ሲኖር በትልቅ መኪና መለዋወጫ ዕቃ ያመጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሁሉም ድንኳኑ ሥር ተሰብስቦ ይስቃል፣ ይበላል። ወሬው ግን የቴርሳ ነው፤ የቴርሳ ማርሽ፣ የቴርሳ ካንዴላ። ኤርሜስ እዚያ ገብቶ ምን ያወራል? ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ብቻውን ይቆማል። ካንዴላ ቢቃጠልበት ከማን ይበደራል? ራሱ ያረጀውን ካረጀው አስማምቶ ይጠግናል። ከሩጫው በኋላ ወደ እኔ ይመጣና ፒያዲናውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። ሚስት የለችውም፤ እህቱ ስዊዘርላንድ ናት፣ ለገና ትደውላለች። ሥራው ኮክ መጋዘን ውስጥ ሳጥን መደርደር ነው። እኔም ብቸኛ ነኝ፤ ግን ለእኔ ቢያንስ ሰው «ሽንኩርት ጨምሪበት» ይለኛል።

እሱን ያቆየው አንድ ነገር ነው። ከላይ፣ ሮማ ካለው የሞተር ውድድር ጽሕፈት ቤት፣ የመጣ ሌላ ደንብ አለ፦ በዓመት ውስጥ አንድም ውድድር ያልጨረሰ የሞተር ስም ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ፋብሪካው የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ኤርሜስ በየዓመቱ አንድ ጊዜ እንኳ፣ መጨረሻም ሆኖ፣ ይጨርሳል። በድምፅ ማጉያው «ኤርሜስ፣ በማራልዲ» ተብሎ ይጠራል። ያን ድምፅ ስሰማ እኔም እጄ ላይ ያለውን አስቀምጣለሁ።

አንድ በጋ ታዲያ ሰማዩ ተቀደደ። ውድድር በተባለ እሁድ ሁሉ ዝናብ። ፈጣኑ ሰማያዊ ሁሉ ከነእርሳሱ በየጥምዝምዙ ይንሸራተታል፣ አጥር ሥር ይደረደራል። አሮጊቷ ማራልዲ ግን ጉልበቷ ትንሽ ነውና አትንሸራተትም፤ እንደ ትራክተር እየደቀደቀች ታልፋቸዋለች። ኤርሜስ ዓመቱን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። የቴርሳ ልጆች ተሸክመውት ዞሩ። እሱ ከትከሻቸው ላይ ሆኖ «አውርዱኝ፣ ወገቤን» ይል ነበር፤ ሲስቅ ግን ጥርሱን አየሁት።

በኅዳር እራት ላይ ሌአርኮ መነጽሩን አድርጎ የዓመቱን ሒሳብ ሠራ። የቴርሳን ደመረ፦ አንደኛም አለ፣ ሁለተኛም አለ፣ ግን ሃያኛ የሚወጣው ዳቦ ጋጋሪም አለ፣ ወድቆ የቀረውም አለ። ሲካፈል መሃል ላይ የሚዋልል ነገር ሆነ። የማራልዲን ደመረ፦ ሦስት። ለአንድ ሰው ሲካፈል ያው ሦስት። ሌአርኮ ደግሞ ሠራው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ጓዶች፣» አለ፣ «ዘንድሮ የበላይነቱን ይዞ ሌላውን ፋብሪካ የጨቆነው... ማራልዲ ነው።»

መጠጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በመስኮቱ በለስ የበቀለበት ፋብሪካ፣ አንድ በያጅ የቀረው ፋብሪካ። ኤርሜስም ሳቀ። ሌአርኮ እንባውን እየጠረገ፣ «በል ኤርሜስ ወንድሜ፣ ተነስና ‘ይነሳልኝ’ በል። እጃችንን እናወጣለን፣ መረቁ ሳይቀዘቅዝ እንገላገላለን» አለው።

አንዱ ወጣት ደግሞ፣ «እርስዎ ላይ እርሳስ መጫን እኮ አያቴ ላይ ድንጋይ እንደ መጫን ነው» አለ። በደግነት ነው ያለው። እኔ ግን ኤርሜስ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ሲጠፋ አየሁ። አፉን በጨርቅ ጠረገ፣ ተነሳ። ሁሉም እጁን ለማውጣት ተዘጋጀ።

«ፍትሐዊ ነው» አለና ተቀመጠ።

እኔማ ደሜ ፈላ።

በጥር ፒያዲና ጠቅልዬ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ በኮክ ዛፎች መሃል ነው። በብርድ ወራት ሞተሯን የሚያሳድራት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፤ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር።

«ሌሎቹ ወንበሮች የት ሄዱ?» አልኩት።

«ለሞተሯ ቦታ ጠበበኝ፣ ሰጠኋቸው። ማን ይቀመጥባቸዋል?»

ወንበሯን ለእኔ ሰጥቶ እሱ መሬት ላይ ተንበረከከ። እርሳሱን ከመቀመጫዋ ሥር በብሎን እያሰረ ነበር።

«ምን ነካህ አንተ ሰው?» አልኩት። «አንዲት ቃል ናት የጠየቁህ። ‘ይነሳልኝ’ ማለት ይከብዳል?»

«አይከብድም።»

«ታዲያ?»

«እነሱ ላይ ሲጫን ፍትሐዊ ነው ብያለሁ።»

«እነሱ እኮ ያኔም ፋብሪካ ነበራቸው። አንተ ያለህ ቁልፍና መዶሻ ነው። ይቺ አሮጊት በዚህ ሸክም ዓመቱን አትጨርስም፤ አንድ እንኳ ካልጨረሰች ደግሞ ስሟ ይሰረዛል። ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም።»

«ኢቮ ቢኖር በጥፊ ነበር የሚልህ።»

«ኢቮ ቢኖር ኖሮማ ሁለት እንሆን ነበር» አለ። «እሱ መጨረሻ ይወጣል፣ ድምሩ ይበላሻል፣ እርሳሱም አይመጣም ነበር።»

ሳላስበው ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወጥ ቤቱ ቀዘቀዘብኝ።

ብሎኑን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ እርሳሱን በጨርቅ ይጠርገው ጀመር። እርሳስ ምኑ ይጠረጋል? «ዲርቼ፣» አለኝ ቀና ሳይል፣ «እርሳስ የሚጫነው በማን ላይ ነው?»

«ባሸነፈ ላይ።»

«አይደለም። በሚፈሩት ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ሲያልፉኝ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። ደጎች ናቸው። ቦታ ይለቁልኛል፣ እንደ ሽማግሌ። ማራልዲን ሰው ከፈራ ስንት ዘመኑ ነው? አሁን በሊቀመንበሩ እጅ ተጽፏል፤ ማራልዲ በርትቷል፣ ይጫንበት ተብሏል። እኔው ልነሳና ‘አይ፣ ምንም አይደለችም፣ አንሱላት’ ልበል?»

ያመጣሁትን ፒያዲና ለሁለት ቆርሼ ግማሹን ሰጠሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሳያዞር በላ።

እንደፈራሁት ሆነ። ያ ዓመት ደረቅ ነበር፣ ዝናብ ጠብ አላለም። በመጀመሪያው ውድድር ሰንሰለቷ ተበጠሰ። በሁለተኛው ፍሬኗ ግሎ አጥር ውስጥ ገባ፣ ክንዱ ተጎድቶ በፋሻ ታሰረ። ቀጥሎ ራሱ የበየደው ብረት ተሰነጠቀ። በየጊዜው እየገፋት ሲመለስ በኪዮስኬ ፊት ያልፋል፤ እኔ እጮህበታለሁ፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሌአርኮ ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለመነው። «አስቸኳይ ስብሰባ ልጥራልህ፣ ዛሬውኑ እጅ እናውጣ» አለው። የሌአርኮም ስጋት ከልቡ ነበር፤ ማራልዲ ከተሰረዘች ውድድሩ ቴርሳ ከቴርሳ ጋር የሚያደርገው የቤት ውስጥ ጨዋታ ነው የሚሆነው። ኤርሜስ ግን ያችኑ ቃሉን ነው የመለሰለት።

መስከረም ላይ አንድ ውድድር ብቻ ቀረ። ከጨረሰ ስሟ መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ካልጨረሰ አበቃ።

ያን ቀን ኪዮስኬን ትቼ መድረሻው መስመር አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ባንዲራ የያዘው ፕሪሞ ነበር፤ እሱም ድሮ ማራልዲ ቀለም ቀቢ የነበረ፣ አሁን ጡረተኛ። አሸናፊው ካለፈ በኋላ ባንዲራው ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከወረደ በኋላ የገባ ሰው እንዳልጨረሰ ይቆጠራል። ሩጫው ሄደ፣ ኤርሜስ መጨረሻ ነው፣ ግን እየሄደ ነው። አሸናፊው ገባ፣ ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። ኤርሜስ የለም። ከኮረብታው ማዶ የሞተሯ ድምፅ ይሰማል፤ ይጮኻል እንጂ አይቀርብም። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ፕሪሞ ሰዓቱን አየ። ባንዲራውን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ሌአርኮ አጠገቡ ቆሞ ነበር፣ «ያዘው» አለው ቀስ ብሎ።

«ሰዓቱ እኮ...»

«ያዘው ነው የምልህ። ማን ያያል?»

ሁሉም እያየ ነበር። የቴርሳ ልጆች ሞተራቸውን አጥፍተው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል፤ አንድም ሰው ሰዓት አለፈ አላለም። እኔም በሆዴ ያዘው፣ ያዘው፣ እባክህ ያዘው እል ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ደቂቃው አልፎ ሌላ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ አረንጓዴዋ ከመጨረሻው ጥምዝምዝ ብቅ አለች፤ ሰው በእግሩ ቢሮጥ ይቀድማታል። ሁሉም ማጨብጨብ ጀመረ።

ኤርሜስ ሰዓት ባያይም ጭብጨባውን ሰማ። ባንዲራውን አየ። አንደኛው የቴርሳ ልጅ ሄልሜቱን አውልቆ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ብርቱካን እየላጠ እንደነበር ሳይቀር አየ። በዚያ ሁሉ ዓመት መጨረሻ እየወጣ ስለኖረ፣ ባንዲራ መቼ እንደሚወርድ እሱን የሚያህል አዋቂ የለም። ከነጩ መስመር አንድ እርምጃ ሲቀረው ፍሬን ያዘ። ቆመ። ጭብጨባውም ቆመ።

ሄልሜቱን አወለቀ። «ፕሪሞ፣» አለው፣ «ሰዓቱ አልፏል።»

«አላለፈም» አለ ፕሪሞ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አልፏል። አውርደው።»

ሌአርኮ እየሮጠ መጣ። «ኤርሜስ፣ በሞቴ፣ አንድ እርምጃ ናት። እግርህን አንሳና ግፋት። ለስሟ ብለህ።»

ኤርሜስ ሌአርኮን በቁጣ አላየውም። እንዲያውም የሚያዝንለት ይመስል ነበር። «ለቴርሳ ቢሆን ትጠብቅ ነበር?» አለው።

ፕሪሞ ባንዲራውን ቀስ ብሎ አወረደ።

ኤርሜስ ሞተሯን አዙሮ በጎን በር በኩል ወደ ውጪ ይገፋት ጀመር። ልጆቹ ሊያግዙት ተነሱ፣ ግን ማን መጀመሪያ እንደሚጠጋው ሳይስማሙ ቀሩ። እኔ ሄጄ ከኋላ ገፋሁ። ያ እርሳስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እስከ ቤቱ ገፋናት። በር ላይ ስንደርስ «ኪዮስኩን ክፍት ጥለሽው ነው የመጣሽው» አለኝ። ተሰርቄም ነበር፤ አይቡን ሙልጭ አድርገው ወስደውታል።

ማራልዲ ከመዝገብ ተሰረዘች። በኅዳር ኤርሜስ እራቱ ላይ አልመጣም። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሌአርኮ መነጽሩን አድርጎ እንደ ልማዱ ሒሳቡን ሠራ፤ የሚሠራው አንድ ፋብሪካ ብቻ ነው። ቴርሳን ደመረ፣ አካፈለ። ከዚያ ራሱን ያዘ።

«የዘንድሮው የበላይ ቴርሳ ነው» አለ።

«ሌላ ማን ሊሆን ነበር?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«እንደገና እርሳስ እንሸከማለን ማለት ነው።»

«ማናችን?»

«ሁላችንም።»

የሳቀ የለም። ሁሉም እኩል እርሳስ ተጭኖ፣ እኩል ጎማ ጨርሶ፣ እኩል ፍሬን አቃጥሎ እርስ በርሱ ሊሽቀዳደም ነው፤ ማን ከማን ጋር እንዲስተካከል እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ደንቡን ሊያነሳው የሚችለው አንድ ሰው ነው። እሱም ቤቱ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ሄዱ። ሌአርኮ፣ ፕሪሞ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ያ «አያቴ» ያለው ወጣት፣ ሌሎችም። ወይን ይዘዋል፣ የአሳማ ቋሊማ ይዘዋል። እኔም ፒያዲና ይዤ ተከተልኳቸው። ኤርሜስ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ወደ ጎን ቆሞ አስገባቸው። ወጥ ቤቱ ሞላ፤ የሚቀመጡበት ስለሌለ በኮክ ሳጥን ላይ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በአረንጓዴዋ ሞተር ዙሪያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ለመኑት። እርሳሱ ጀርባቸውን እንደሚጎዳ፣ ጎማ እንደሚፈጅባቸው ተናገሩ። እሱ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ከዚያ ወጣቱ ስለ ሞተሯ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ይሄ ብየዳ የርስዎ ነው ወይ አለው። ኤርሜስ መናገር ጀመረ። እኔ ሰውየው ያን ያህል ቃል እንዳለው አላውቅም ነበር። መሽቶ ሊወጡ ሲሉ ሌአርኮ «ታዲያ ምን ትላለህ?» አለው።

«አስብበታለሁ» አለ።

በዓመቱ ደግሞ መጡ። አሁንም «አስብበታለሁ» አላቸው። በየኅዳሩ ይመጣሉ፤ ዓመቱን ሙሉ እርሳስ ተሸክመው ይሮጣሉ፣ በየመሃሉ ይረግሙታል፣ ኅዳር ሲደርስ ቋሊማና ወይን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። ግትር ነው የሚሉትም ለዚህ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ሊመጡ በሚባልበት እሁድ ጠዋት፣ ኤርሜስ ኪዮስኬ መጣ። ጸጉሩን ተቆርጧል። «ዲርቼ፣ ወንበር አንሶኛል፣ ታበድሪኛለሽ?» አለኝ። የኪዮስኩን ወንበሮች በጋሪ ጭነን ወሰድን። ወጥ ቤቱ ታጥቧል፤ ሞተሯ ወደ ጥግ ተገፍታለች፣ እርሳሷ እንደታሰረ ነው። ወንበሮቹን በዙሪያዋ ስንደረድር አላስችል አለኝና ጠየቅሁት።

«ዘንድሮ ታነሳላቸዋለህ ወይስ አታነሳላቸውም?»

አንዷ ወንበር ትወዛወዝ ነበር፤ ወረቀት አጥፎ ከእግሯ ሥር ከተተ፣ በእጁም ተጭኖ ሞከራት።

«ላነሳላቸው እችላለሁ» አለ። «ከዚያ በሚመጣው ኅዳር ማን ይመጣል?»

የቀሩትን ወንበሮች አብረን ደረደርን።